«አይዞሽ» የሚለኝ ሰው አላጣሁም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም ሁለት ደብዳቤዎችን መርጠናል። የመጀመሪያው ከኮዬ ፈጬ የተላከ ነው፤ ረጅም ስለነበር አሳጥረነዋል፣ ጸሐፊዋንና መሥሪያ ቤቷን የሚያስለየውንም ሁሉ አውጥተናል። ሁለተኛው ከሱሉልታ አንዲት እናት ለእኅታቸው ልጅ ነግረው ያጻፉት ነው።

ጥያቄ፦

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

ዕድሜዬ 34 ነው። በዕፅዋት በሽታዎች ላይ የምሠራ ተመራማሪ ስሆን ጎን ለጎን የሦስተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፤ መሥሪያ ቤቴ ደግሞ በሌላው የከተማዋ ጫፍ፣ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ይገኛል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ከቤት እወጣለሁ፤ ሰርቪሱ ያመለጠኝ ዕለት ሦስት ታክሲ እቀያይራለሁ። ማታ ስገባ አንድ ሰዓት አልፏል። የአራት ዓመት ወንድ ልጅና የስምንት ወር ሕፃን አሉኝ። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፣ ሲችል ይረዳኛል። አማቴም አብረውን ስለሚኖሩ ሞግዚት በሄደች ቁጥር ልጆቼ የሚወድቁት በእሳቸው ላይ ነው።

በክፍላችን ካሉት ተመራማሪዎች ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ስብሰባ ሲኖር ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ፣ የሥርዓተ ጾታ ኮሚቴ ሲቋቋም ሰብሳቢዋ እኔ ነኝ፣ እንግዳ ሲመጣ ላቦራቶሪውን የማስጎበኘውም እኔ ነኝ። ይህ ሁሉ በአፈጻጸም ምዘናዬ ላይ ነጥብ ሆኖ አይቼ አላውቅም። ከወሊድ ፈቃድ ስመለስ ሕፃኔን የማጠባበት ቀርቶ ጡቴን የማልብበት ክፍል እንኳ ስላልነበረ የኬሚካል መጋዘኑን ከውስጥ ቆልፌ ካርቶን ላይ ተቀምጬ አልባለሁ።

ባለፈው ወር አንድ ሌሊት መብራት ሄደ። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዘው ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ከሁለት ዓመት በላይ ከገበሬ ማሳ እየለቀምኩ ያከማቸሁት ናሙና አለ። ለዘበኛው ደወልኩ፤ «ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም፣ እኅቴ» አለኝ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነበር፣ ከኮዬ ፈጬ ወዴት ልሂድ? ሕፃኑን ታቅፌ ማድ ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ በየግማሽ ሰዓቱ እየደወልኩ ነጋ። ጠዋት በሩን ስከፍተው መደርደሪያዎቹ ላቦት አውጥተዋል፤ በትንንሾቹ ብልቃጦች ላይ በእጄ የጻፍኳቸው ቁጥሮች ረጥበው ቀለማቸው ወርዷል፤ መለኪያውም ከልክ በላይ ወጥቷል። ያን ጊዜ አልቅሼ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ምንም አልተሰማኝም። በሩን ዘጋሁና ወደ ስብሰባ ገብቼ ቃለ ጉባኤ ያዝኩ።

ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር ሦስት ጊዜ አነባለሁ። እንቅልፍ ቢመጣም ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይሰበራል። ልጄ ሲስቅ እሰማዋለሁ እንጂ ደስ አይለኝም። ለእኅቶቼ ስነግራቸው «አይዞሽ፣ ያልፋል» ይሉኛል፤ አለቃዬ «ሳይንቲስቷን ሰገነት ቀለሙን ያየ ሰው እንዲህ አይልም» አለኝ። «አይዞሽ» የሚለኝ ሰው አላጣሁም። ይህ ድካም ነው ወይስ ሕመም? ሥራውንስ ልተወው?

መልስ፦

እኅቴ፣ ከጻፉልን ሁሉ እኔን ያስጨነቀኝ የፍሪዘሩ ጉዳይ አይደለም፤ «ምንም አልተሰማኝም» ያሉት ቃል ነው። ከእሱ እጀምራለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ የሥራ ዝለትን በሕመምነት አልመዘገበውም፤ በአግባቡ ካልተያዘና ከቆየ የሥራ ጫና የሚመጣ የሥራ ዓለም ክስተት ብሎ ሦስት ምልክቶችን ሰጠው። እነሱም የኃይል መሟጠጥ፣ ከሥራው በአእምሮ መራቅ ወይም ሥራውን መጥላት፣ እንዲሁም «ከእንግዲህ አልረባም» የሚል ስሜት ናቸው። ሦስቱም በደብዳቤዎ ውስጥ አሉ። ይሁንና የሥራ ዝለት በባሕርይው ከሥራ ጋር የታሰረ ነው፤ የዛለ ሰው ቅዳሜና እሑድ ትንሽ ቀለል ይለዋል፣ የልጁ ሳቅም ያስቀዋል። የእርስዎ ግን ቤት ድረስ ተከትሎዎት ገብቷል፤ እንቅልፍዎን ሰብሮታል፣ ደስታዎን ወስዶታል፣ ሐሳብ መሰብሰብም ከልክሎዎታል። እንዲህ ያሉ ምልክቶች ተደማምረው ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ አብዛኛውን ቀን ከቆዩ ባለሙያ የሚመረምረው ሌላ ነገር አለ፤ እሱም ድባቴ ነው። በዚያ ላይ ከወለዱ ስምንት ወርዎ ነው፤ ከወሊድ ጋር የተያያዘ ድባቴ ደግሞ በአራስነት ሳምንታት ብቻ የሚመጣ ሳይሆን በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ በማንኛውም ጊዜ ሊነሣ ይችላል። ብዙ እናቶች «አራስ ቤት ካለፈ ወዲያ ምን አለ?» ብለው የሚዘናጉት በዚህ ነው።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሴ «ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ ለማወቅም ይመርመሩ» የሚል ነው። በአቅራቢያዎ ካለው ጤና ጣቢያ ይጀምሩ። የደም ማነስና ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የታይሮይድ ዕጢ መዛባት ተመሳሳይ ድካም ስለሚያመጡ እነሱም ይታዩ፤ ሁለቱም በደም ምርመራ ይለያሉ። ጤና ጣቢያው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ከሌለው ወደ ሆስፒታል ይልክዎታል። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም ሆነ የካ ኮተቤ ሆስፒታል አገልግሎቱን ይሰጣሉ። «አማኑኤል ገባች» የሚለው የከተማችን አባባል ስንት ሰው ከበሩ እንደመለሰ አውቃለሁ፤ እርስዎ ግን በሙያዎ ናሙናን ከምርመራ በፊት የማይፈርጁ ሰው ነዎትና ራስዎንም እንደዚያው ይያዙ። መድኃኒት ቢታዘዝልዎ እያጠቡ መሆንዎን ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ጡት እያጠቡ የሚወሰዱ የድባቴ መድኃኒቶች አሉ፣ ለውጡ የሚታየውም በዕለቱ ሳይሆን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። በደብዳቤዎ አላነሡትም እንጂ በሕይወት አለመኖርን የመመኘት ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት ለባለቤትዎ ይንገሩና አብራችሁ ሆስፒታል ሂዱ።

አሁን ወደ ፍሪዘሩ እንመለስ፤ ብዙ ነገር የተደበቀው እዚያ ነውና። ሮበርት ካራሴክ የተባለው ተመራማሪ በ1979 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሐሳብ እስከ ዛሬ ድረስ የሥራ ጫና ጥናት መነሻ ነው። ሰውን የሚያደክመው ሥራው መብዛቱ ብቻ አይደለም፤ ብዙ የሚጠየቅበትና በሥራው ላይ ግን ምንም መወሰን የማይችል ሰው ነው ይበልጥ የሚጎዳው። ብዙ ተጠይቆ ብዙ መወሰን የሚችል ሰው እንዲያውም ይማራል፣ ይበረታልም። እርስዎ በዚያ ሌሊት የሁለት ዓመት ናሙና ኃላፊ ነበሩ፤ ነገር ግን ነዳጅ እንዲገዛ ማዘዝ፣ ጄኔሬተሩን ማስፈተሽ፣ የተረኛውን መርሐ ግብር ማውጣት በእጅዎ አልነበረም። ኃላፊነቱ የእርስዎ፣ ሥልጣኑ የሌላ ሰው። ጆንሰንና ሆል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1988 እ.ኤ.አ. በስዊድን ሠራተኞች ላይ ባደረጉት ጥናት ሦስተኛ ነገር ጨመሩበት፤ ጫናው ከፍተኛ፣ የመወሰን አቅሙ ዝቅተኛ ሆኖ በሥራ ቦታው ብቸኛ የሆነ ሰው ከሁሉም የከፋ ሁኔታ ላይ ነው። በዩኔስኮ መረጃ በዓለም ከሚገኙት ተመራማሪዎች ሴቶቹ ከሦስት አንድ ያህል ናቸው፤ በእርስዎ ክፍል ደግሞ አንድ ብቻ። ብቸኝነቱ የጠባይዎ ውጤት ሳይሆን የክፍሉ አደረጃጀት ነው።

«አይዞሽ የሚለኝ አላጣሁም» ማለትዎ ትልቅ ማስረጃ ነው። ጄምስ ሃውስ የተባለ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ በ1981 እ.ኤ.አ. ማኅበራዊ ድጋፍን በአራት ከፈለው፦ የስሜት ድጋፍ፣ የተግባር ድጋፍ፣ የመረጃ ድጋፍ፣ እንዲሁም ሰው ሥራውን በትክክል እንዲመዝን የሚረዳው የግምገማ ድጋፍ። የእርስዎ ጎተራ በመጀመሪያው ሞልቷል፤ ሦስቱ ባዶ ናቸው። ነገሩ ለእኛ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። ሐዘን የደረሰበትን ሰው እድር እንዴት እንደሚይዘው ያስቡ፦ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብሎ ብቻ አይሄድም። ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ድስት ያመጣል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ አዳሪ ይመድባል፣ የቀረውንም ይቀጣል! ለቀብር ይህን ሁሉ የምናውቅ ሰዎች ወደ መሥሪያ ቤት ስንገባ ድጋፍ ማለት አፍ ብቻ ይመስለናል። እርስዎ የሚያስፈልግዎ የፍሪዘር እድር ነው ብል አይሳቁብኝ። በዚያ ፍሪዘር ውስጥ ናሙና ያላቸው ተመራማሪዎች እርስዎ ብቻ እንዳልሆኑ እገምታለሁ። ሁሉም በየሳምንቱ ተራ ይግቡ፤ በተራው ሳምንት ስልኩን የሚያነሣው፣ ነዳጁን ከሰኞ በፊት የሚያረጋግጠው፣ ከመሥሪያ ቤቱ አቅራቢያ ለሚኖረው የሚደውለው ባለተራው ይሁን። የናሙናዎቹም ግማሽ ቅጂ በሌላ ፍሪዘር ይቀመጥ። ይህን በቃል አይጠይቁ፤ በአንድ ገጽ ጽፈው፣ የዚያን ጠዋት የሙቀት መጠን መዝግበው፣ የጠፋው ናሙና ስንት ቀንና ስንት የመስክ ጉዞ እንደፈጀ አስልተው ለክፍሉ ኃላፊ ያስገቡ። አለቆች ለእንባ መልስ ያጣሉ፤ ለተመዘገበ ቁጥር ግን ቢያንስ መርተው መፈረም ይገደዳሉ።

የቃለ ጉባኤው ነገርም ከዚሁ አይርቅም። ዮሃንስ ዚግሪስት የተባለው ተመራማሪ በ1996 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው ሰው የሚያወጣው ጥረትና የሚመለስለት ዋጋ፣ ማለትም ገንዘብ፣ ክብርና ዕድገት፣ ሚዛኑን ሲስት ጤናው ይናጋል። ቃለ ጉባኤ፣ ኮሚቴና ማስጎብኘት ሥራ ናቸው፤ ሰዓት ይበላሉ፣ ግን በስምዎ የማይቆጠሩ ሥራዎች ናቸው። የሚቀጥሉትን አራት ሳምንታት እያንዳንዱን ከነሰዓቱ በማስታወሻ ይያዙ፤ ከዚያም ከሁለት አንዱን ይጠይቁ፦ ወይ በምዘናው ላይ ነጥብ ይሰጣቸው፣ ወይ በፈረቃ ይያዙ። ወንድ ባልደረቦችዎም ብዕር አላቸው። ስለ ማጥቢያው ደግሞ፣ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ሕፃናታቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ እንደነበር ይወቁ። ሕግ ይለወጣልና የአሁኑን ድንጋጌ ከሰው ሀብት ክፍሉ በጽሑፍ ይጠይቁ። መሥሪያ ቤቱ የማንም ይሁን የማን፣ ኬሚካል መጋዘን ለሕፃን ምግብ ማዘጋጃ እንደማይሆን ለመናገር አዋጅ አያሻም፤ ይህን ለሥራ ደኅንነት ኃላፊው በዚህ ሳምንት ይንገሩ።

የመረጃና የግምገማ ድጋፍ ከክፍልዎ ውጭ የሚገኝ ይመስለኛል። በ2008 እ.ኤ.አ. ናይሮቢ ላይ የተመሠረተው፣ አዋርድ በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው የአፍሪካ ሴት የግብርና ተመራማሪዎች ፕሮግራም ከመነሻው ኢትዮጵያውያትን ያካተተ ሲሆን እያንዳንዷን ተመራማሪ ልምድ ካለው አማካሪ ጋር ያጣምራል፤ ተመራማሪዋም በበኩሏ አንዲት ጀማሪ ታሳድጋለች። በዚህም ይሁን በሌላ መንገድ፣ ጽሑፍዎን አንብቦ «ይህ ሠንጠረዥ ደካማ ነው፣ ይህ ግን ጥሩ ነው» የሚልዎት አንድ ሰው ይፈልጉ፤ ከአሥር «አይዞሽ» የበለጠ ያሳርፋል።

አለቃዎ ስላነሡት ምሳሌ አንድ ነገር ልበል። ከፍኖተ ሰላም ተነሥተው በ2014 እ.ኤ.አ. የሎሬአል ዩኔስኮን የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ያገኙት፣ የነፍሳት ምርምር ማዕከሉን ኢሲፔን ናይሮቢ ላይ የመሩት ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ሁላችንን ያኮሩ ሴት ናቸው። የእሳቸው ስኬት ግን ነዳጅ የሌለውን ጄኔሬተር አያስነሣም። ታላቅ ሰውን እያነሡ ለቅሬታ መዝጊያ ማድረግ ለታላቁ ሰውም ክብር አይመስለኝም።

ቤትዎን በተመለከተ ባለቤትዎ «ይረዳኛል» ብለዋል። ረዳት የሚጠየቅ ሰው ነው፤ ጠያቂው ደግሞ ማሰቡን፣ ማስታወሱን፣ ማዘዙን ብቻውን ይሸከማል። እርዳታውን ትተው የራሱ የሆነ ነገር ይስጡት፦ ለምሳሌ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ የሕፃኑን መነሣትና ውሃ በሚመጣበት ቀን በርሜል መሙላቱን። ጡት ታልቦ ከተቀመጠ አባትም ያጠጣል። በሳምንት ለሦስት ሌሊት እንኳ አምስት ሰዓት ያልተቆረጠ እንቅልፍ ማግኘት ለእርስዎ ከማንኛውም ምክሬ ይበልጣል። አማትዎም ደክመዋል ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ከወር ደመወዝ ተቀንሶ ለሞግዚት መጨመር ከተቻለ ከማንኛውም ወጪ አስቀድሙት።

ሥራውን ልተው ወይ ላሉት፣ አሁን አይወስኑ። የደከመ አእምሮ መንገድ ሁሉ የተዘጋ ያስመስለዋል፤ ድባቴም ካለ ውሳኔውን በእርስዎ ፈንታ እሱ ይወስንልዎታል። ተመርምረው፣ የተባለውን ሕክምና ጀምረው፣ የፍሪዘሩ ደብዳቤ መልስ አግኝቶ ወይም አጥቶ ሦስት ወር ይለፍ። ያን ጊዜም ተቋሙ ያው ከሆነ መልቀቅ ሽንፈት አይደለም፤ ሙያውን ሳይለቁ መሥሪያ ቤቱን መልቀቅ ይቻላልና።

ጥያቄ፦

እኔ የሱሉልታ ሰው ነኝ፤ ፊደል ስለማይሆንልኝ ይህን የሚጽፍልኝ የእኅቴ ልጅ ነው። ልጄ ዶክተር ናት፣ ግን የሰው ሐኪም አይደለችም፤ የኬሚስትሪ ነው ይሉኛል። ውጭ ተምራ ተመልሳ ታስተምራለች፣ ምርምርም አላት። እሑድ እሑድ ትመጣለች፤ ድሮ ቡና ስታፈላልኝ የነበረችው ልጅ አሁን ላፕቶፗን ይዛ ጓዳ ትገባለች። የማርያም ማኅበር ቤቴ የደረሰ ቀን ሴቶቹ «መቼ ነው የምንድርሽ?» ቢሏት በሩን ቆልፋ አለቀሰች። ከስታለች። ጎረቤቶቼ ጠበል ውሰጃት ይሉኛል። ልውሰዳት?

መልስ፦

እናቴ፣ እሷ ከፈለገች ይውሰዷት። ጠበሉንና ሕክምናውን ግን አያጣሏቸው፤ ሐኪም የሰጣት መድኃኒት ካለ ጠበል በመጠመቋ እንዳታቋርጠው አደራ። እንዲያ ያለ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ሊመለስ ይችላል። መክሳቷና ማልቀሷ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ሱሉልታም ሆነ የምትኖርበት ከተማ ጤና ጣቢያ ሄዳ እንድትታይ አብረዋት ይሂዱ፤ «ሂጂ» ከሚሏት ይልቅ «ልሸኝሽ» ቢሏት ይሻላል።

የላፕቶፑን ነገር ንቀት አድርገው አይዩባት። በምርምር ሥራ ዓርብ ላይ የሚያልቅ ነገር የለም፤ የተማሪው ፈተና፣ የሚታተመው ጽሑፍ፣ ገንዘብ የሚጠየቅበት ፕሮፖዛል ሁሉም እሑድን ነው የሚጠብቁት። ወደ እርስዎ ቤት ይዛው የምትመጣው እዚያ ስትሆን ስለሚቀላት ሳይሆን አይቀርም። የማኅበሩን ሴቶች ግን እርስዎ ብቻ ነዎት ሊያስቆሟቸው የሚችሉት። በሚቀጥለው ተራዎ እሷ ከመምጣቷ በፊት «ስለ ጋብቻ የሚያነሣባት እንዳይኖር» ብለው ይንገሯቸው፤ ቤቱ የእርስዎ ነው፣ ይሰማሉ።

የፊታችን እሑድ ቡናውን እርስዎ ያፍሉ። ምን ሆንሽ ብለው አይጠይቋት። ከአቦል እስከ በረካ ላፕቶፗን ብትጎረጉርም ይተዋት፤ ስኒውን ብቻ አጠገቧ ያስቀምጡላት፣ ቢቀዘቅዝም ደፍተው ሌላ ይቅዱላት።